የወንድይራድ መርዶ

ደብረ ብርሃን፣ ጉም የወረደበት ከሰዓት በኋላ፤ ከአዲስ አበባ የተላከው የፕሮቶኮል ሹም ናሁሠናይ በጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት በወይዘሮ አስካለ ሳሎን ተቀምጧል፤ በባለቤታቸው ስም የተሰየመው የገብስ ምርምር ማዕከል ነገ ይመረቃል።

ናሁሠናይ፦ እንግዲያውስ ሪባኑን ማን ይቁረጠው፣ እማማ?

አስካለ፦ መቀስ ያለው ሰው ይቁረጠዋ።

ናሁሠናይ፦ እንግዶቹ እኮ ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡት እርስዎን ብለው ነው። አምባሳደሩ ስምዎን በአማርኛ ለመጥራት ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ ከረሙ።

አስካለ፦ ይባረኩ። ተሳካላቸው?

ናሁሠናይ፦ ወደ መሳካቱ ናቸው።

አስካለ፦ ምንም አይደለም። እኔም የእነሱን ተራሮች ለተማሪዎቼ ስጠራ ስንቱን ሰባብሬአለሁ። ሰዎቹን አልጠላኋቸውም፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ አንተ ደግሞ ሻይህን ማማሰል ያዝክ። የባሌ መርዶ ይነገር አልኩ። መርዶው ከተነገረ ነገ መቀሱን እኔው እይዛለሁ፤ ካሰኛችሁም እልል እላለሁ።

ናሁሠናይ፦ በንግግሬ ውስጥ እኮ ተጠቅሷል። ላንብብልዎ? «ብርድ የሚችለውን የሸዋ ገብስ ይዘው ወደ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የተጓዙት፣ የሁለቱን ሕዝቦች ወዳጅነት በአፈር ላይ የዘሩት፣ ከመስክ ሥራ ያልተመለሱት አቶ ወንድይራድ...»

አስካለ፦ እዚያ ላይ ቁም። «ያልተመለሱት»። እኔም ገበያ ውዬ ሲመሽብኝ ያልተመለስኩ ነኝ።

ናሁሠናይ፦ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ቃል ነው። «ሞቱ» ካልን ጥያቄ ይከተላል። በዚያ በረዶ ለምን ብቻቸውን ወጡ? ማን ፈቀደ? አስከሬን አልተገኘም። እነሱም እኛም ላለመጠያየቅ ተስማማን፤ ወዳጅነቱም ጸና።

አስካለ፦ መልካም ወዳጅነት ነው። በባሌ ላይ ተሻግረው የሚጨባበጡበት።

ናሁሠናይ፦ እንደሱ አይበሉ። ማዕከሉ ለስንት ገበሬ ይተርፋል!

አስካለ፦ አውቃለሁ። እዚያ ተራራ ላይም የእኛ ገብስ ይታጨዳል አሉ፤ ልጆቻቸው ገንፎ ይበሉበታል። ለእሱ አጨበጭባለሁ። ነገር ግን ገብስ ሲቀበር ይበቅላል፤ ሰው ሲቀበር ያርፋል። የእኔው ሰው ከሁለቱም አልሆነ።

ናሁሠናይ፦ ፍትሐቱን ማስደረግ ይችሉ ነበር። ማን ከለከለዎ?

አስካለ፦ የንስሐ አባቴ። «መርዶ ሳይሰማ ማንን ልፍታ?» አሉኝ። መሥሪያ ቤታችሁ ሄጄ ብጠይቅ «ጉዳዩ በክትትል ላይ ነው» ተባልኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ተከታትላችሁት ያልደረሳችሁበት፣ ባሌ ምን ዓይነት ሯጭ ቢሆን ነው?

ናሁሠናይ፦ ይቅርታ፣ እማማ... መሳቄ አይደለም።

አስካለ፦ ሳቅ እንጂ! እኔም ስቄበታለሁ። እሱም ቢሰማ ይስቅ ነበር፤ ግን ሲመጣ ፋታ የለውም።

ናሁሠናይ፦ ማን ሲመጣ?

አስካለ፦ ወንድይራድ። ገብስ ሲያሸትና ጉም ሲወርድ ይመጣል። በረንዳው ላይ ጫማውን ያራግፋል፤ ድሮም ቤት ማቆሸሽ አይወድም። ከዚያ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። አይገባም።

ናሁሠናይ፦ ነፋስ ይሆናል።

አስካለ፦ ነፋስ ጭቃ አራግፎ አይሄድም። የአገራችን አፈር ጥቁር መሆኑን ጫማህ ላይ እየው። እኔ በማግስቱ የምጠርገው ቀይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬ አፈር ልሳሳት?

ናሁሠናይ፦ ጠበል ቢያስረጩበትስ?

አስካለ፦ ጠበል ለሰይጣን ነው። ባሌን በጠበል ላባርረው?

ናሁሠናይ፦ እሺ። እንዲቀልልዎት፣ ከንግግሩ ውጭ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ልንገርዎ። ከዚያ በረዶ ተርፎ የወጣ ሰው የለም። አቶ ወንድይራድ...

አስካለ፦ ተወው! ለእኔ አትንገረኝ። እኔ በገባኝ ቀን ገብቶኛል፤ ብቻዬን አልቅሼ ጨርሻለሁ። መርዶ የምለምነው ለራሴ መስሎሃል?

ናሁሠናይ፦ ታዲያ ለማን ነው?

አስካለ፦ ያልተነገረው እሱ ነው።

ናሁሠናይ፦ አልገባኝም።

አስካለ፦ ሞተሃል ያለው የለም፣ ልጄ። ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ይመስለዋል። ወንድይራድ ደግሞ መንግሥት የጻፈውን የሚያምን ሰው ነበር። «ያልተመለሰ» ካላችሁት፣ ገና ሊመለስ ነው ማለት ነው።

ናሁሠናይ፦ እርስዎ... ለምን አልነገሯቸውም?

አስካለ፦ ባለ ሐዘን መርዶ ነጋሪ ሆኖ ያውቃል? ደግሞም ሞክሬአለሁ። አፌን ስከፍት «አስኩ፣ እግሬን በርዶኛል፤ ውሃ አሙቂልኝ» ይለኛል። እጥዳለሁ። ውሃው ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ እደፋዋለሁ። መንገር ያለበት የላከው ነው። አንተ ደግሞ ከላከው ቤት የመጣህ ነህ።

ናሁሠናይ፦ እሳቸው ሲላኩ እኔ እኮ የወተት ጥርሴን አልነቀልኩም ነበር!

አስካለ፦ ወንበሩ ግን ያው ነው።

ናሁሠናይ፦ መርዶ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌ ባለበት።

አስካለ፦ እሱ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ሽማግሌ ከጠየቅህ ይኸው እኔ።

ናሁሠናይ፦ ቢያንስ አለቆቼን ላማክር። ጉሙም እየከበደ ነው፤ መንገድ ሳይዘጋብን... ይኸው ሾፌሬም ተሰላችቶ መጣ። በረንዳው ላይ ጫማውን እያራገፈ ነው።

አስካለ፦ ሾፌርህን በመስኮቱ እየው። መሪው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል።

ናሁሠናይ፦ ይቆዩ፣ መጋረጃውን ልግለጠው።

አስካለ፦ አየኸው?

ናሁሠናይ፦ አየሁት። ተኝቷል። እማማ... በበሩ ሥር ጥላ አለ።

አስካለ፦ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ጩኸት አይወድም። አትፍራ፣ ደግ ሰው ነው። ተነሥተህ ክፈትለት።

ናሁሠናይ፦ ምን እላቸዋለሁ? ቃሉ ንግግሬ ውስጥ የለም!

አስካለ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።

ናሁሠናይ፦ አስቀመጥኩት። ግን... አንድ ጊዜ ከተነገራቸው ሁለተኛ አይመጡም። አስበውበታል? ብቻዎን ይቀራሉ።

አስካለ፦ አስቤበታለሁ። እስከ አምና ሰው ልካችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ሻይ አጠጥቼ በደህና እሸኘው ነበር። እንዳይቀርብኝ ብዬ ነገሩን ለማንም አልነግርም ነበር።

ናሁሠናይ፦ ዛሬስ?

አስካለ፦ ዘንድሮ ሲያራግፍ ሰማሁት፤ እግሩን እየጎተተ ነው። ደክሞታል። ዛሬ ውሃም አልጣድኩም።

ናሁሠናይ፦ እሺ፣ እጀታውን ይዣለሁ።

አስካለ፦ ቀስ ብለህ ክፈተው።

ናሁሠናይ፦ አቶ ወንድይራድ፣ እንደምን ዋሉ? ይግቡ፣ ስለ ጭቃው ግድ የለም። ከባለቤትዎ አጠገብ ይቀመጡ፤ የመጣሁት ከላከዎ መሥሪያ ቤት ነው።