ከጨረታው በፊት የተቆረጠ ጣውላ

በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣ ጋሽ አዱኛ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወዳለችው የሰላሃዲን ፀጉር ቤት ገቡ። አምሳሉ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከአምሳሉ ኮፍያ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቅለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ አልጠየቁም። የሰላሃዲንን ልጆች ጤና በየስማቸው ጠየቁ፤ አምስት ናቸው፣ አንዱንም አልዘለሉም። የዘንድሮ ብርድ ከጉልበት እንደሚጀምር፣ የቀበሌው ስኳር ማክሰኞ እንደሚመጣ፣ ሰልፉ ግን ከሰኞ እንደሚያዝ አወሩ።

አምሳሉ ከአረፋው ሥር ሆኖ ይጠብቃል። አሥራ አራት አባላት ያሉት የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ግቢያቸው ውስጥ ለተማሪ ዴስክ ተብሎ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ የተቆረጠ ዘጠኝ መቶ ጣውላ ተቆልሏል፤ የሚገዛው ግን የለም። ጋሽ አዱኛ በበኩላቸው ሁለት መቶ ሃምሳ የጤና ጣቢያ አልጋ ለመሥራት ጨረታ አሸንፈዋል። የአልጋው ወርድ ዘጠና ሳንቲም ስለሆነ ጣውላው ለርብራብ ይበቃል። አምሳሉ እሁድ ዕለት ሰላሃዲንን ልኮ፣ እባክዎ ይግዙኝ ብሎ አስለምኗቸዋል። ቅዳሜ አባላቱ ይሰበሰባሉ። እስከዚያ ጣውላው ካልተነሳ የአሥራ አራት ቤት ቁጠባ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው፤ የእሱም ሊቀ መንበርነት አብሮ።

«ለመሆኑ ሰላሃዲን ልጄ፣ አንተ ማንበብ ትወዳለህ?» አሉ ጋሽ አዱኛ። «እኔን መሠረተ ትምህርት ነው ፊደል ያስቆጠረኝ። ቀስ ብዬ፣ ቆሜ ነው የማነበው። ንባብ የሚወድ ሰው ግን… ወረቀቱን ቤቱ ወስዶ፣ ተጋድሞ ነው የሚያነበው። እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ስሙ ምን ያደርግልሃል? እንዲህ ያለውን ሰው ሥራው ይጠራዋል።»

ከዚያ እንደ ተራ ወሬ ነገሩን ያብራሩ ጀመር። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ዕቃ የሚገዛው መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ አዲሱ በጀት ሲገባ፣ በዓመቱ ሊገዛ ያሰበውን ዘርዝሮ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይሰቅላል። ትእዛዝ አይደለም፣ ጨረታም አይደለም፤ ሐሳብ ነው። ለትንሽ ሠራተኛ ግን ይህ ሐሳብ በረከት ነው። ጨረታው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የሚሰጠው አሥር ቀን ብቻ ነው፤ ሐሳቡን ሐምሌ ላይ ያወቀ ሰው ግን እንጨቱን ያደርቃል፣ ፈቃዱን ያሳድሳል፣ ናሙናውን ሠርቶ ይጠብቃል። እሳቸው በአንዲት መጋዝ ሥራ የጀመሩ ናቸው፤ ሰኞ ሰኞ ሰሌዳው ሥር ቆመው በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ይገለብጣሉ። ዘንድሮ በሐምሌ ሁለተኛው ሰኞ ሲሄዱ ግን ወረቀቱ የለም።

«አራት ስፒል፣ በየስፒሉ ሥር አራት የወረቀት ጥግ። ቆጥሬዋለሁ። ወረቀቱ ራሱ ቸኩሎ ሄዶ ይሆናል… ጥጎቹን እንኳ ሳይሰናበት።»

ምላጩ አምሳሉ ጉሮሮ ላይ ቆም አለ። አምሳሉ ምራቁን መዋጥ ፈለገ፤ አልዋጠም። ከሰሌዳው የገነጠለው ቀን፣ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ፣ ወረቀቱ ካፖርቱ ሥር ሲንኮሻኮሽ አሁንም ይሰማዋል። ለአባላቱ «ከውስጥ አዋቂ ያገኘሁት ነው» ብሏቸው አጨብጭበውለት ነበር።

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይላሉ» ቀጠሉ ጋሽ አዱኛ። «እኔም ስል ኖሬያለሁ። ብቻውን ሮጦ ሁለተኛ የወጣ ሰው ግን… በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ዘንድሮ አየሁ።»

ትጋቱንም አልካዱም። ሌላው ማኅበር ዕቅዱን መቶ ሃያ በመቶ አሳካሁ እያለ በሪፖርት ሲፎክር፣ ይህ ሰው ጨረታው ሳይወጣ፣ ገና በነሐሴ፣ የሌላውን መሥሪያ ቤት ዕቅድ መቶ በመቶ ቆርጦ ጨረሰ፤ የተጠራጠረ ካለ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ መቁጠር ይችላል። መስከረም ላይ መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን ለወጠ። ዴስኩን ለሚመጣው ዓመት አስተላልፎ፣ በምትኩ አልጋ ብሎ፣ አዲሱን ወረቀት እዚያው ሰሌዳ ላይ ሰቀለ።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሰቅሎ ጠበቀ። ግን ማን ያንብበው? አንባቢያችን ቤቱ ወረቀት አለው… ዕቅድ እኮ ደመና ነው፣ ልጄ። ደመና ያየ ጣራውን ያበጃል፣ በሬውን ይቀልባል፤ ዘሩን ግን አይበትንም። ይሄን ደግሞ ለማን ልንገር? ለብልህ አይነግሩም፣ ለአናጢ አይለኩለትም።»

ሰላሃዲን ምላጩን በፎጣ ጠረገና በመስታወቱ ውስጥ ሽማግሌውን ቀና ብሎ አያቸው። የተላከበትን ጉዳይ ማስታወሱ ነበር። ጋሽ አዱኛ ገባቸው። ኅዳር ሊታጠን ሦስት ቀን እንደቀረው፣ ሰዉም የሚያጨሰው ሲፈልግ የሰፈር ጎረምሳ ዓይን የማያርፍበት ክምር እንደሌለ፣ አዝነው ተናገሩ። ከዚያ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«ለአንድ አልጋ አሥራ ሁለት ርብራብ። ዘጠኝ መቶው… ሰባ አምስት አልጋ ያለብሳል። ከእያንዳንዱ ሠላሳ ሳንቲም ይተርፋል፤ እሱም ለመደርደሪያ ይሆናል። ደረቅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አቆራረጡ ደግሞ የጌታ እጅ ያረፈበት ይመስላል። ምኑ ይጣላል?»

የአምሳሉ ልብ ዘለለች። ሊገዛ ያላሰበ ሰው ይህን ሁሉ ምን ብሎ ይቆጥራል? ቅዳሜ አባላቱ ፊት ቆሞ የሚናገረውን በልቡ ይደረድር ጀመር፤ ዕንባ ቢጤም ዓይኑን ቆጠቆጠው፣ ሳሙናው ነው ብሎ ጨፈነው።

ሽማግሌው ከአግዳሚው ተነሡ። ጢማቸውን ሌላ ቀን እንደሚላጩ ነገሩት፤ ባርኔጣቸውን ደፉ፤ የአምሳሉ ኮፍያ ጠምሞ ኖሮ፣ በሁለት ጣት ቀና አደረጉለት። በሩ ላይ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ ልጁን ለሩቅ መንገድ እንደሚሸኝ አባት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«እንዲህ ያለ ትጉህ ከሰፈራችን አይጥፋ። እኔ ለአልጋዬ እንጨት ከሰንጋ ተራ አዝዣለሁ፤ የሰው ሀብት አያስቀናኝም። እግዚአብሔር ያለውን አያሳጣው… ከዘጠኝ መቶው አንዲቷ እንኳ አትጉደልበት።»