የጊዜያዊው ሊቀመንበር ደብተሮች

አቶ ተክለጻድቅ የኦክላንዱ እድር ጊዜያዊ ሊቀመንበር ሆነው ከተመረጡ ዘንድሮ አርባ ዓመት ሆናቸው። እድሩን ካቋቋሙት አሥራ አንድ ስደተኞች መካከል ከሁለት ዓመት በላይ እዚህ አገር እቆያለሁ ብሎ ያሰበ ስላልነበረ፣ ሊቀመንበሩም ጊዜያዊ፣ ደንቡም ጊዜያዊ፣ ማኅተሙም ጊዜያዊ ተባለ። ነገ ለሚሄድ ሰው ልጅ ማስመዝገብ ምን ያደርጋል ተብሎ ወጣት አባል ሳይገባ ቀረ። አሁን የቀሩት ጉልበታቸው የደከመ ጥቂት አዛውንቶች ናቸው፤ የፊታችን እሑድ ተሰብስበው እድሩን ሊያፈርሱት ነው።

አቶ ተክለጻድቅም የኤል ሴሪቶ ቤታቸውን ለቀው ዳብሊን በምትባል ጎረቤት ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ስለሆነ፣ ማክሰኞ ጠዋት ዘጠኙን የቃለ ጉባኤ ደብተሮች በካርቶን ተሸክመው ደጃቸው ላይ ወደቆመው የወረቀት መጣያ በርሜል ወጡ። ከዘጠኙ እረፍት የነሳቸው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሰማያዊው። ደርግ በወደቀ ሰሞን አባላቱ በአገር ቤት ፖለቲካ ሲጣሉ አቶ ተክለጻድቅ፣ «ዘርእሰናይ ኤርትራዊ ስለሆነ ከእድሩ ተሰርዟል» ብለው በገዛ እጃቸው የጻፉት እሱ ላይ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ያን ገጽ አልገለጡትም፤ ሌላ ሰው እንዲገልጠውም አይፈልጉም።

የበርሜሉን ክዳን ሲያነሡ፣ «ጋሼ ተክለጻድቅ፣ እንደምን አደሩ?» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዘወር ቢሉ ቢሌን ናት፤ የዚያው የዘርእሰናይ ልጅ፣ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ውስጥ ታሪክ የምታስተምረው። ማዶ ያለች ጓደኛዋን ልትጠይቅ መኪናዋን ማቆሟ ነበር። ከሰው ሁሉ መርጦ እሷን ያመጣባቸው ቀን አናደዳቸው።

«ደኅና ነኝ የኔ ልጅ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ አላየሁሽም። እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ይሄ የእድሩ ሚኒትስ አይደለም እንዴ? ሪሳይክል ሊያደርጉት ነው?»

«ማን ሊያነበው? ማን ወንበር ያምጣ፣ ማን ሆስፒታል ይሂድ ነው ያለበት። ታሪክ ማለት ሌላ ነው። እዚህ አገር መጀመሪያ የሰፈሩት እንግሊዞች አገሩ ኃያል መንግሥት እንደሚሆን አውቀው ስለመጡ ጻፉ። እኛ የመጣነው ለሁለት ዓመት ነው።»

ቢሌን ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ተማሪዎቿ በየሴሚስተሩ የሚያነሡት ጥያቄ ስለሆነ ዝም ብላ ልታልፈው አልቻለችም።

«አውቀው ነው የመጡት ያለዎት ማን ነው?»

«ይታያላ። እንዲህ ያለ አገር በአጋጣሚ ይሠራል?»

«ቨርጂኒያ የሰፈሩት የአንድ ካምፓኒ ሰዎች ነበሩ ጋሼ። ወርቅ ነበር የሚፈልጉት። በሦስት ዓመት ውስጥ አብዛኞቹ በረሃብና በበሽታ አለቁ። የተረፉት ምን አደረጉ መሰለዎት? ሰፈሩን ጥለው መርከብ ተሳፈሩ።»

«ሄዱ?»

«ሄዱ። ወንዙን ይዘው ሲወርዱ ግን በማግሥቱ ከእንግሊዝ ሰውና ስንቅ ይዘው የመጡትን አገኙና ተመለሱ። እነዚያ ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ባዶ ሰፈር ነበር የሚጠብቃቸው።»

አቶ ተክለጻድቅ ካርቶኑን በርሜሉ ጠርዝ ላይ አሳረፉት። ይህን አልሰሙም ነበር፤ አዲስ ነገር ሲሰሙ ደግሞ መጨረሻውን ሳያውቁ መለየት አይሆንላቸውም።

«ለሃይማኖታቸው ብለው የመጡትስ?»

«እነሱ ትልቅ ነገር አስበዋል፤ ያሰቡት ግን እግዚአብሔርን የሚፈራ ከተማ ነው፣ ሱፐርፓወር የሚል ነገር በሐሳባቸው አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሕዝቡ ሲበዛ ነው አንዳንዱ ይሄ አገር አንድ ቀን እንግሊዝን ይበልጣል ማለት የጀመረው። ያኔም ብዙው ሰው ራሱን የንጉሡ ተገዢ ነው የሚለው።»

«እሺ፣ ከነሱ በፊት የነበሩትስ? ይሄ ቤት የቆመበት መሬት ባለቤት አልነበረውም?»

ቢሌን ወደ ካርቶኑ ጠጋ አለች። «ኦሎኒዎች ናቸው፤ ዛሬም አሉ። የድሮ ታሪካቸውን ግን አብዛኛውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፣ እንደሚመቸው አድርጎ። እነዚህን ከጣሉ የእኛንም ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ወይ ማንም አይጽፈውም።»

ልጅቱ እውነቷን ነው። ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ብቻ ይጻፍ ቢባል ኖሮ በዓለም ላይ አንድም ደብተር ባልተገኘ። አቶ ተክለጻድቅ ይህ ገባቸው፤ ገብቷቸውም እጃቸው ከካርቶኑ ላይ አልነሣ አለ።

«ሰማያዊውን ልውሰድና የቀረውን ውሰጂ» አሉ።

«ሰማያዊው ምን አለው?»

መዋሸት አማራቸው፤ ግን ደከማቸው። ደብተሩን አውጥተው ገጹን ገለጡና ሰጧት። ቢሌን የአባቷን ስም ሁለት ጊዜ አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባቴ ይሄን አንድም ቀን አልነገረኝም።» ቀጣዩን ገጽ ገለጠች፤ ባዶ ነው። «ከዚህ በኋላስ?»

«በአራተኛው ቀን ባለቤቴ ሀረገወይን ሞተች። አባላቱ ተኮራርፈው ማን ይምጣ ማን ይቅር ሳይባባሉ፣ አባትሽ ታክሲው ላይ ወንበር ጭኖ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ሦስት ቀን ከቤቴ አልወጣም። ከዚያ ስሙን መለስነው፣ እድሩም ቀጠለ። እኔ ግን አፍሬ ሳልጽፈው ቀረሁ።»

ቢሌን ዓይኗን ጠረገች። ተናዳለችም፣ ኮርታለችም። «እነዚያ የቨርጂኒያ ሰዎች ሰፈሩን ጥለው መሄዳቸውም መመለሳቸውም ስለተጻፈ ነው ዛሬ የማስተምረው ጋሼ። እርስዎ የአባቴን መሄድ ጽፈው መመለሱን ተዉት።» ይህን ብላ ከቦርሳዋ እስክርቢቶ አወጣችና ዘረጋችላቸው።

የቆሻሻ መኪናው ጥጉን ሲታጠፍ አቶ ተክለጻድቅ ደብተሩን በርሜሉ ክዳን ላይ አስደግፈው ይጽፉ ነበር። ሹፌሩ ጡሩምባ ቢነፋም ቀና አላሉም፤ መኪናው በርሜሉን ሳያነሣ አለፈ።

እሑድ ለጉባኤው ሁለቱንም ገጾች አነበቡ። ሊያፈርሱ የመጡት ሽማግሎች ሳያፈርሱ ተነሡ። «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ከደንቡ እንዲወጣ፣ ልጆች በአባልነት እንዲመዘገቡ፣ የደብተሮቹም ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት እንዲሰጥ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሞተበት ቤት ለማን እንደሚደውል ያውቃል፤ ዕቃ የሚሸከም ጉልበት አልጠፋም፤ ወላጁን ማን እንደቀበረለት የጠየቀ ልጅም መልሱን ተጽፎ ያገኘዋል። እድሩ ከመቶ ዓመት በኋላ ምን ይሆናል ቢሏቸው አቶ ተክለጻድቅ አያውቁም፤ አሁን ግን አለማወቃቸው ከመጻፍ አያግዳቸውም።

አሥረኛውን ደብተር የጀመሩት በተለመደው ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ የዚህ ወር ወንበር አምጪ፣ ቢሌን ዘርእሰናይ።