ሮቢት እየሄደ የሚሞላው ካምቢዮ

ነይ ጀዊሪያ፣ ግቢ ግቢ! እዚህ ጥላው ላይ ተቀመጪ። ወይ የዛሬ ሙቀት! ፍየሎቹ እንኳ ምላሳቸውን አውጥተው የሰው ፊት ያያሉ። የናንተ ማሽላ እንዴት ሆነ? የኛን ወፍ ጨረሰው። ወፍ ጠባቂ ብናቆም ጠባቂው ተኛ... ይሁና። ዘንድሮ ነቅቶ የዋለው ወፍ ብቻ ነው።

ኧረ ቀስ ብለሽ እለፊ፣ ብስክሌቱን እንዳትነኪው! አዎ፣ የእንግዳችን ነው። ከቁርቁራው ዛፍ ስር ገልብጦት ጎማውን እያሽከረከረ የተቀመጠው... ሰላም በይው እስቲ። አልሰማሽም? ተይው፣ ጆሮው ካምቢዮው ላይ ነው።

ድምፄን ዝቅ ላርግ? ለምን እቴ? እኔ የማወራው ስለ ብስክሌት ነው። ስለ ብስክሌት ማውራት ሀራም ሆነ እንዴ?

ማሻአላህ በይ! እህቱ ከአረብ አገር የላከችለት ነው። እንዲህ ያለ ቆቦ የለም፣ ጎብዬም የለም። ማርሽ የሚቀይርበት ካምቢዮ ሽቦ የሚባል ነገር አያውቅም። መሪው ላይ ቁልፍ ትነኪያለሽ፣ ከኋላ ያለችው ትንሽ ሞተር «ዚዝ» ትልና ካቴናውን ካንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ታሻግረዋለች። እንደ ስልክ በቻርጅ ነው የምትሠራው። ማርሽ ለመቀየር ጣት አይደክም፣ ሀሳብ አይደክም፣ ሀፍረት አይደክም... ምቹ ነገር ነው፣ መቀያየር ለሚወድ ሰው።

«በዚህ በራያ ሜዳ ላይ ይሄ ሁሉ ማርሽ ምን ይሠራለታል? የዞብልን ተራራ ሊወጣበት ነው?» ትይ ይሆናል። እኔ አላልኩም! ሰው የሚወጣበትን ዳገት ራሱ ያውቃል።

አላህ ይዘንለትና ባሌ ሞላ የነበረው ብስክሌት ባለ ሽቦ ነው። ማርሹ ሲያስቸግር «ቀጭ ቀጭ» ይላል። ያን ጊዜ እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ቁጢጥ ይላል፣ እኔ ፔዳሉን በእጄ አሽከረክራለሁ። ሽቦውን ጠበቅ ሲያደርገው ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ ይወጣል፣ ላላ ሲያደርገው ይወርዳል፣ አለቀ። ከኋላ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ነበሩት። ሞላ «ወሰን» ነበር የሚላቸው። አንደኛው ካቴናው አልፎ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ሌላኛው ወደ ውጪ ወጥቶ እንዳይንከራተት ይመልሰዋል።

ለዚህ ለባለ ባትሪውስ ወሰን አድርገውለት ይሆን? እኔ እንጃ። የእንግዳችን ወሰን... የብስክሌቱ ማለቴ ነው... ላላ ያለ ይመስለኛል። ጎብዬ እሄዳለሁ ብሎ ከቆቦ ይነሳል፣ ሮቢት ላይ ሲደርስ ይወጣል። ሁልጊዜ ሮቢት ላይ! ካቴናው ነው እኮ የምልሽ፣ ምን ያስቅሻል?

ሰሞኑን መብራት ጠፍቶ አልነበር? «ባትሪው አለቀ፣ ሮቢት ሄጄ ልሙላው» ብሎ ተነሳ። ትጋቱን እይልኝ! አለቀብኝ ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። እኔም የዋህ አይደለሁ፣ «እግረ መንገድህን ይችንም ሙላልኝ» ብዬ ስልኬን ሰጠሁት። በማግስቱ አመጣልኝ። ብከፍተው፣ ብደበድበው፣ ስልኬ እንደሞተ ነው። ብስክሌቱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል፣ «ዚዝ ዚዝ» ይላል! ከሮቢት ቲማቲም ልትሸጥ የመጣችው ዓሊማ ደግሞ «እኛም እንደናንተው ጨለማ ውስጥ ነን፣ ወላሂ ክብሪት ስንፈልግ ነው ያመሸነው» አለችኝ። ሱብሃነላህ! በጨለማ የሚሞላ ባትሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያውም በየትም ቤት አይሆንም አሉ። መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላት ፈቷ ሳሊሀ ጓዳ ሲገባ ብቻ ነው የሚሞላው። ምን ይደረግ... አንዳንድ ቤት መብራት ሳይኖርም ይበራል።

እኔ ክፉ አላሰብኩም። እንዲያውም አመስግኜዋለሁ፣ «ደከመህ፣ አረፍ በል፣ ፊትህ ሁሉ ሻይ ሻይ ይላል» ብዬ።

የኛዋስ? የወንድሜን ልጅ ኢክራማን ይኸው እንግዳችን ካጫት ሁለት መኸር አለፈ። ጠያቂ ሲመጣ «ቃል አለብኝ» ብላ ትመልሳለች። እኩዮቿ ልጅ አዝለው ገበያ ይወጣሉ፣ እሷ የሰርግ ልብሷን አውጥታ ፀሐይ ታስመታና መልሳ ታጥፋለች። ባለፈው ጁምዓ ሸህ ሙሀመድሰይድ ራሳቸው መጡ። እንግዳችንም መጣ፣ ብስክሌቱን እስከ ምንጣፉ ድረስ እየነዳ! ሸሁ «ልጄ፣ ኒካው መቼ ይሁን?» አሉት። «መጀመሪያ ካምቢዮን ላስተካክል፣ ከዚያ ቀን እንቆርጣለን» አይላቸውም?

ሸሁ ጆሯቸው ከበድ ይላል፣ ታውቂያቸው የለ። ወደ እኔ ዞረው «ካምቢዮ የማን ልጅ ናት?» አሉ። «ሸሄ፣ የብስክሌት ነው» ብላቸው፣ «ብስክሌት ማን ነው? አባቷ ነው? ከየት ወገን ነው?» አይሉኝም! አንቺ ብትሆኚ ምን ትመልሻለሽ? «ሮቢት ናት» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። እሳቸው ግን ጺማቸውን እያሻሹ «ሁለተኛ ማግባት የተፈቀደ ነው፣ ግን ኢክራማ ካምቢዮን ትወቃት» ብለው ፈረዱ። ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ እንግዳችን ብቻ አልሳቀም። ቁልፉን ነካ፣ «ዚዝ» አለ። ለሸሁ መልስ የሰጠው እንግዲህ ብስክሌቱ ነው!

ዛሬ ምን ብሎ መጣ መሰለሽ? ካምቢዮው ከስልክ ጋር ተነጋግሮ አዲስ ትምህርት ይጫንበታል፣ እስከዚያ ኒካው ይቆይልኝ አለ። እኔ ከሁለተኛ ክፍል የወጣሁት ሴትዮ፣ ብስክሌት ትምህርት ሊቀጥል ነው ሲሉኝ ምን ልበል? «ይግፋበት» አልኩ። አስተዋይ ሰው ነው፣ ለሚስት የሚቸኩል አይደለም። ሌላው ወንድ እኮ የሚያገባው ባለጌ ሆኖ ነው...

ኢክራማ ከበር ቆማ ሰማችው። አላለቀሰችም፣ ተመስገን። ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችው፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ «አክስቴ፣ እኔን ይተወኝ፣ ሸሁ መጥተው ቃሌን እንዲያነሱልኝ ላኪባቸው» አለችኝ። ላክሁ። አሁን መንገድ ላይ ናቸው። ለእንግዳችን አልነገርነውም፣ ሥራ ላይ ያለን ሰው ማቋረጥ ነውር ነው። አይ... አሁንስ ጎማው መሽከርከሩን አቆመ ልበል? ሰማን እንዴ? ስለ ብስክሌት ነው እያልኩሽ!

በይ እጅሽን ዘርጊ፣ ለእንደዚህ ያለ ልጅ ዱዓ ሳያደርጉ መነሳት ደግ አይደለም። አላህ እድሜና ጤና ይስጠው። ከክፉ ዓይን ይጠብቀው። እግሩን አያደናቅፈው፣ በሄደበት ሁሉ ደጃፍ ይከፈትለት። ከደጃችንም አያርቀው! ለኢክራማም እንደ እናቷ ልጅ ያለ ወንድም ያርገው... በሰርጓ ቀን ከሰው ሁሉ ፊት ቆሞ፣ እጇን ይዞ ለባሏ የሚያስረክባት። አሚን በይ እንጂ ጀዊሪያ... ጮክ በይ፣ ወንድማችንም አሚን ይበል።