ለጉዮ የሰጠሁት የሞተር ዘይት

በእኛ ጊዜ፣ አስፋልቱ ሳይመጣ፣ ከዚህ ከሞያሌ ሶሎሎ ለመሄድ ሰው ተሳልሞና ተሰናብቶ ነበር የሚነሳው። ሳቁ እናንተ፣ ሳቁ። ድንጋይ ነበር፣ አቧራ ነበር፣ መሀል ላይ ስልክ አይሠራም፣ የሚጠጣ ውሃ የለም፣ ሞተር ሳይክል ከቆመባችሁ ቆመ ነው፣ እሾኹን እያያችሁ መቀመጥ ነው።

አንተ ደግሞ ምን ነበር ያልከኝ? «ምዜ፣ ረከስ ያለ የሞተር ዘይት የለዎትም?» አልከኝ። ሽማግሌውን ምዜ ብለህ ካከበርከኝማ አዎ፣ ዘይቱ አለኝ፣ እሰጥሃለሁ። ግን መጀመሪያ ቁጭ በል። እናንተም ጠጋ በሉ፣ በረንዳው ይበቃል።

ታዲያ እኔ ሌላው ሰው ሲፈራ የምፈራ አይደለሁም፣ ገና ማንም ሳይፈራ ነው የምፈራው። ባለቤቴ ጽጌ «አንተ እኮ ሰማዩ ሳይደምን ጣራ ሥር ትገባለህ» ትለኛለች። እና ለሱቄ ዘይት ሲመጣልኝ ክዳኑን አያለሁ፣ ቀለበቱ እንዳልተቆረጠ አያለሁ፣ ጽሑፉን በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፣ የውፍረቱ ቁጥር ሃያ ሃምሳ ይላል? ለሞተር ሳይክል ይላል? የመኪና ዘይት ሰጥቼ የሰው ክላች እንዳይንሸራተት ብዬ እፈራለሁ። ደግሞ በጆሮዬ አስጠግቼ አናውጠዋለሁ። ምን እንደምሰማ አላውቅም፣ ግን አናውጠዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አላደርግም ነበር፣ አልከፍትም። የታሸገ ነገር ከተከፈተ ማን ይገዛል? እንዲህ ነበር የማስበው።

ታዲያ አንድ ቀን ፒካፕ የያዘ ሰው መጣ። አፉ ማር ነው። «አባቴ፣ ያው ሃያ ሃምሳ ነው፣ ያው ዘይት ነው፣ ዋጋው ብቻ ለድሃ የሚሆን ነው» አለኝ። እና ባለ ቦዳዎቹ፣ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልሱት ልጆች፣ ሁልጊዜ ተወደደብን እያሉ ያለቅሱብኛል። ክዳኑን አየሁ፣ ደህና። ቀለበቱን አየሁ፣ ደህና። አናወጥኩ። ሦስት ካርቶን ወሰድኩ፣ ርካሽ አድርጌ ሸጥኩ፣ እነሱም እየመጡ አንድ አንድ ገዙ፣ «ምዜ እግዜር ይስጥልን» እያሉ። ደስ አለኝ። ሞኝነቴ!

እና ከሁለት ሳምንት በኋላ ጽጌ ሶሎሎ ሚሽን ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራት። ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ነበር። ደም ግፊትም አለባት፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ ከተራመደች ትወድቃለች። የዚያን ቀን መኪና ጠፋ። በቦዳ ትሂድ ተባለ፣ እኔ እንቢ አልኩ፣ እሷ «ዓይኔን ነው ወይስ ፍርሃትህን የማስታምመው?» ብላ ተቆጣችኝ። እሺ፣ ከሆነ ጉዮ ይውሰዳት አልኩ። ጉዮን ታውቁታላችሁ፣ ያ ዝምተኛው ቦረና፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ የሚነዳው። ማታውኑ ጠርቼ «ጉዮ፣ ለመንገዱ ዘይትህን ቀይር» ብዬ ከዚያ ካርቶን አንድ ጠርሙስ በነጻ ሰጠሁት። በገዛ እጄ። ጠርሙሱን ገለበጠ፣ አየው፣ አየኝ፣ «እሺ ምዜ» አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲመጣ «ቀየርክ?» አልኩት። «ቀይሬያለሁ ምዜ፣ አይጨነቁ» አለኝ። ጽጌን በነጠላዋ ሸፍኜ አስቀመጥኳት፣ ሄዱ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። መደርደሪያ ሳስተካክል ከዚያ ዘይት አንዱ ከእጄ ወደቀና ክዳኑ ተፈናጥሮ መሬት የነበረ ነጭ ካርቶን ላይ ፈሰሰ። ክዳኑን አነሳሁት። ቀለበቱ ለካ በሙጫ የተጣበቀ ነው! ዘይቱን አየሁት። ደህና ዘይት ካርቶን ላይ እንደ ማር ቀስ ብሎ ነው የሚሰፋው፣ ቀለሙም አንድ ነው። ይሄ መሀሉ እንደ ጥላሸት ጠቁሮ ዳሩ እንደ ውሃ ይሮጣል፣ ላምባ ላምባ ይሸታል። በሁለት ጣቴ አሸሁት። ይቆረቁራል። ወደ ብርሃን ሳወጣው ጣቴ ላይ ብረት ያብለጨልጫል። የተቃጠለ ዘይት ነው! ከከባድ መኪና የተቀዳ፣ በጨርቅ የተጠለለ፣ በአዲስ ጠርሙስ የገባ!

ምን ታየኝ መሰላችሁ? ሞተሩ ግሎ፣ ደርቆ፣ ተጣብቆ ቆሞ፣ ጽጌ በዚያ ፀሐይ ከእሾኽ ሥር ተቀምጣ «ውሃ» ስትል ታየኝ። ለጉዮ ስልክ ደወልኩ። ስልኩ ላይ ድምፅዋ የተቀዳው ሴትዮ በስዋሂሊ «ሀፓቲካኒ» ትለኛለች። አይገኝም። ደግሜ ደወልኩ፣ «ሀፓቲካኒ»። እንደ ሰው ለመንኳት፣ «እባክሽ እህቴ» አልኳት፣ «ሀፓቲካኒ»።

ታዲያ ወጣሁና ዋሪዮን ጠራሁት፣ ያ ከቦሪ መንደር የመጣው ባለ ቦዳ፣ ዘወትር እዚህ በረንዳ ላይ ደንበኛ የሚጠብቀው። «ዋሪዮ፣ ሶሎሎ አድርሰኝ፣ አሁኑኑ!» «ምን ሆኑ ምዜ?» አለኝ። አሁን እውነቱን መናገር ነበረብኝ አይደል? አፈርኩ። የተቃጠለ ዘይት ሸጥኩላችሁ ብዬ እንዴት ልናገር? «ጽጌ መድኃኒቷን ረስታ ሄደች» አልኩት። ውስጥ ገብቼ ለጉዮ ሞተር ብዬ ከድሮው እቃ የቀረችኝን አንዲት ዘይት ከፈትኩ፣ ካርቶን ላይ አንጠበጠብኩ፣ አላመንኩም፣ ደግሜ አንጠበጠብኩ፣ ዋሪዮ ውጭ ጥሩንባ ይነፋል፣ «ምዜ! ሰው ታሞ የለም እንዴ!» በጋዜጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። አየው። «ይሄ መድኃኒት ሊትር ሙሉ ነው?» አለኝ። «ትልቅ መድኃኒት ነው፣ ንዳ!»

እና ሄድን። ዓይኔ መሬት ላይ ነው። አንድ ቦታ መንገዱ ላይ ጥቁር ነገር ፈሷል። «ቁም!» ወረድኩ፣ በጣቴ ነካሁ፣ አሸተትኩ። የከብት ሽንት። «ምን ፈልገው ነው ምዜ?» «ሽንቴ መጥቶ ነው።» ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ሌላ ጥቁር። «ቁም!» ይሄኛው ዘይት ነው፣ ግን የቆየ፣ አቧራ የበላው። ሦስተኛ ጊዜ ሳስቆመው ዋሪዮ «ምዜ፣ እዚያ ከደረስን እርስዎም ለሽንትዎ ሐኪም ይታዩ» አለኝ። ሊስቅ ነው፣ እኔ ልሞት ነው።

ከዚያ ደግሞ ራቅ ብሎ እሾኹ ሥር ነጭ ነገር አየሁ። ነጠላ ነው። ነፋስ ያወዛውዘዋል። የሚያነሳው ሰው የለም። የዋሪዮን ትከሻ ጨመደድኩት። ከቦዳው ዘልዬ ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ «ጽጌ! ጽጌ!» እያልኩ። ስደርስ የተቀደደ ነጭ ፌስታል ነው። እሾኹ ላይ ተሰክቶ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ዋሪዮ መጣ፣ አሁን አልሳቀም። «ምዜ፣ ምንድን ነው የደበቁኝ?» አለኝ። አሁንም አፈርኩ። «ምንም» አልኩት። ያቺ «ምንም» ናት የበላችኝ። ያን ጊዜ ብናገር እዚያው ይገላግለኝ ነበር።

ሶሎሎ ደረስን። በሆስፒታሉ በር ስገባ ጽጌ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች። አየችኝና «ማን ሞተ?» አለች። እጇን ያዝኩ፣ ፊቷን ነካሁ፣ ትኩስ እንደሆነ እንዳልሆነ። «ምነው ሰው እያየን!» አለች።

ከዚያ ወደ ውጭ ስወጣ ጉዮ ከዛፍ ሥር ቦዳውን አቁሞ ያንኑ የሰጠሁትን ጠርሙስ ይዟል። ግማሹ የለም። «ጉዮ! ያንን ዘይት...» ስል ደነገጠና ጠርሙሱን ከጀርባው ደበቀው። እንደ ሌባ።

«ይቅርታ ምዜ» አለኝ። አስቡት፣ ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው! «ሞተሩ ውስጥ ጨመርከው?» አልኩ። መሬት መሬቱን አየ። «ምዜ፣ አይቆጡኝ። ሰንሰለቱን ነው የቀባሁበት። ለሞተሩ ከፉንዲው፣ ከመካኒኩ፣ ሌላ ገዝቼ አስቀየርኩ።»

«ታውቅ ነበር?»

ዋሪዮ ከኋላዬ መጥቶ መለሰ። «ሁላችንም እናውቃለን ምዜ። ፉንዲው መጀመሪያ ቀን ካርቶን ላይ አንጠብጥቦ አሳየን።»

«ታዲያ ለምን ከኔ ትገዛላችሁ?»

«ሰንሰለት ሁሉም አለው» አለ ዋሪዮ።

«ለምን አትነግሩኝም?»

«በረንዳዎ ላይ ነው የምንውለው» አለ ጉዮ። «ውሃ ይሰጡናል፣ ዝናብ ሲመጣ ያስጠጉናል። ሽማግሌን አንተ የሸጥከው ቆሻሻ ነው ብሎ የሚናገር ማን ነው? ጊዜው ሲደርስ ካርቶኑ ያልቃል ብለን ነው።»

እኔ እነሱን አፈርኩ፣ እነሱ እኔን አፈሩ፣ በመሀል እኔ ከእሾኽ እሾኽ ፌስታል ሳሳድድ ዋልኩ! ዋሪዮ ሳቀ፣ ጉዮም ሳቀ፣ እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። እና አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፌን ዘጋሁት። የኛ ሰዎች ያውቃሉ። መንገደኛውስ? ሐሙስ ዕለት ቀይ ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው መጥቶ ነበር፣ ወደ ማርሳቢት የሚሄድ። ከኋላው ሴት፣ የሴትየዋ ጀርባ ላይ ሕፃን። አንድ ጠርሙስ ሸጥኩለት። እዚሁ በሬ ላይ ቀየረ፣ ሞተሩ ውስጥ ሲያንቆረቁረው ማጥለያውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እነሱን ማንም አልነገራቸውም።

የመጣ መንገደኛ ሁሉ ጠይቄያለሁ። ሾፌር ጠይቄያለሁ፣ ፖሊስ ጠይቄያለሁ። ቆሞ ያየነው የለም ይላሉ። አላየነውም ማለት ደረሰ ማለት ነው? እሱን ማንም አይነግረኝም።

የተረፈውን ዘይት የግቢውን አጥር ቋሚ ቀባሁበት፣ ለምስጥ። ያ ጥቁር አጥር እሱ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ።

ታዲያ አንተ፣ ርካሽ ካልከኝ ይሄ እዚያ ያለው ርካሽ ነው። ስሙ የታወቀ አይደለም፣ ጠርሙሱም አያምርም፣ ግን ሃያ ሃምሳ ነው፣ ለሞተር ሳይክል ነው፣ እኔ ፊትህ ከፍቼ ካርቶን ላይ አንጠበጥብልሃለሁ፣ አንተም በጣትህ ታሸዋለህ። ካልወደድከው የተከፈተው የኔ ነው። ደግሞ አንተ በማርሳቢት በኩል ትሠራለህ አይደል? ቀይ ሞተር ሳይክል፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው፣ ሕፃኑ አሁን ሮጦ የሚጫወት ይሆናል። ካየሃቸው ደውልልኝ።

ዘይት ሊገዛ የመጣው ባለ ቦዳ ከመሬት የካርቶን ቁራጭ አንስቶ አቧራውን አራገፈና ለሽማግሌው ዘረጋለት።

«አያለሁ ምዜ። ሕፃኑንም እጠይቃለሁ። አሁን ያንጠብጥቡልኝ፤ እኔም ከኋላዬ ሰው እጭናለሁ።»