ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ ማን ነበር?

ከኢምፔሪያል ወደ ሃያ ሁለት በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ወረቀት ይዘዋል፤ አጠገባቸው ያለችው ወጣት ወሬ ጀመረቻቸው።

«የምን ወረቀት ነው እማማ?»

«የአቤቱታ። ቴሌቪዥን ገዝቼ በሦስተኛው ቀን ድርግም አለ። ባለሱቁ ‹ጥለውት ነው› ብሎ አልቀይርም አለኝ። እኔም ሸማች አቤት የሚልበት ቢሮ ሄጄ ከሰስኩት።»

«ደግ አደረጉ! ምን አሉዎት ታዲያ?»

«‹እንዳልጣሉት ያየ ምስክር ያምጡ› አሉኛ። ‹ሲበላሽ ቤት ማን ነበር?› ትለኛለች ፎርም የምትሞላዋ።»

«ማን ነበር?»

«ማን ይኖራል ብለሽ ነው? እኔና ቴሌቪዥኑ!»

ሁለቱም ሳቁ።

«ጎረቤትስ?»

«ኮንዶሚኒየም እኮ ነው ልጄ። በራቸውን ሲዘጉ ብቻ ነው የምሰማቸው።»

«እኔ ልመስክርልዎ በቃ!»

«ኧረ ሳታዪ! በሐሰትማ አይሆንም።» ወረቀቱን አጠፍ አደረጉና፣ «ግን እንዲያው መጥተሽ ብታዪው... ሻይም አፈላልሻለሁ።»

«ውይ እማማ፣ ዛሬ እንኳን ሥራ አለብኝ። ወራጅ አለ!»

«ግድ የለም የኔ ልጅ፣ በርቺ።»

እኔ እስከ ሃያ ሁለት ድረስ፣ ቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ሰው ማን እንደነበር ለማስታወስ ስሞክር ቆየሁ።