ከሐምሌ ወዲህ ያለው ነጭ ጨርቅ

— ሄሎ… አቤት መስፍን።… አዎ፣ እቤት ነኝ። አሁን ገባሁ፣ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም።… ድምፄ ምን ሆነ?… ከኦቴሎ ባቡር ጣቢያ በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ብርዱ ይሆናላ።

ሳሮን! ቲቪውን ቀንሺልኝ፣ አጎትሽ ነው።

— እሺ ቀጥል።… ቅዳሜ? ቅዳሜ ስንት ሰዓት?… ሲክስ ኤኤም! ምነው በጨለማ?… ልትጠይቁኝ። ኦኬ። ማን ማን?… አንተ፣ ማርያማዊት፣ ጋሽ መልከጸዴቅ… ቄሱም?… ቄሱም እንዲሁ ሊጠይቁኝ። ኸረ ጥሩ ነው። ከኬንት ድረስ በሌሊት ተነስታችሁ።

— እኔ ምልህ መስፍን፣ ወንድሜስ? ዘካሪያስ ጉሮሮው ተሻለው?… አሁንም ሐኪሙ አትናገር ነው የሚለው። ሦስት ወር ሙሉ።… አዎ፣ ቴክስቱ ይደርሰኛል። ትናንት እንኳን «ደህና ነኝ፣ ዛሬ አምስት ሚሊሜትር ዘነበ» ብሎኛል።

— አይ፣ እየሰማሁህ ነው።… የቱን ኤግዚቢሽን?… የህንዷን፣ የቫይዴሂን። አልረሳሁም፤ እሁድ እኔ እወስድሻለሁ፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ ብለኸኛል።… መስፍን፣ ሄጄ ነው የመጣሁት።

— ቆይ፣ ዝም ብለህ ስማኝ።

— ሠዓሊ ነች ስልህ የአበባ ሥዕል መስሎህ ይሆናል። እኔ ያኔ ስቱዲዮዋን ሳጸዳ፣ ሳተላይት ከሰማይ ያነሳውን የኛን አገር ደመና ኮምፒውተሯ ላይ አሳየችኝ። «ዛሬ እናንተ ጋ ይዘንባል» አለችኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ እዚያው ቆሜ ለዘካሪያስ ደወልኩለት። «ኸረ ጠብም አላለም» አለኝ። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ከዚያ ወዲህ ነው እኮ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ባለችው የዝናብ መለኪያ በየጠዋቱ እየለካ ሲልክላት የኖረው። አራት ዓመት! እሷ ደግሞ ጨርቅ ላይ ትጠልፈዋለች። ሳተላይቱ ዘነበ የሚለውን በቀይ ክር፣ ወንድሜ የለካውን በሰማያዊ። «ሳተላይቱ ደመናውን ያያል፣ መሬት መድረሱን የሚያውቀው ወንድምሽ ነው» ትለኝ ነበር። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

— ልጨርስ፣ አታቋርጠኝ። ግድግዳውን ዞሮ የሚሄድ ጨርቅ ነው። ቀኑን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ጽፋዋለች። ስሙም አለ፤ መምህር ዘካሪያስ፣ ቡታጅራ። ፎቶ አነሳሁ፣ ላንተ ልልክልህ! እየተከተልኩ ሄድኩ። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ… ሰማያዊው እየወፈረ መጣ። ሐምሌ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ነጭ ሆነ።… ነጭ ነዋ! ቀዩ ክር ብቻውን ይሄዳል፣ ሰማያዊ የለም። በሐምሌ፣ መስፍን! እኔ ጅሏ ክር ያለቀባት መስሎኝ ልቀልድባት ጠራኋት።

— እጄን ያዘችኝ። «ለወንድምሽ በጣም አዝናለሁ፣ ልጁ ጽፋልኛለች። የሚለካው ሰው ስለሌለ ባዶውን ተውኩት» አለችኝ። እንደማላውቅ አላወቀችም፤ ከየት ታውቅ?

— አታልቅስ። ተራው ያንተ አይደለም።… ምን ሆኖ ነው?… ልቡ።… ተኝቶ።… አልተሰቃየም። እሺ።

— ኦፕራሲዮኔ? የሐሞት ጠጠር እኮ ነው የወጣልኝ! ስፌቱ ነሐሴ ላይ ተፈታ። ከዚያስ?… የሳሮን ትምህርት ሊጀመር ስለሆነ። ከዚያስ?… ሰው እስኪሰበሰብ። ብቻዬን እንዳልሰማ። እና አሁን ከማን ጋር ሰማሁት? ወይን የያዙ ፈረንጆች መሀል ቆሜ! ዋይ ማለት አፍሬ፣ ሽንት ቤት ገብቼ ሻርፔን ነክሼ አለቀስኩ። ለዘካሪያስ!

ሳሮን፣ ምን አንገትሽን ትደፊያለሽ? ቀና በይ እስቲ።… ታውቂ ነበር?… ሶሪ ምንድን ነው? በአማርኛ ንገሪኝ።… ሂጂ፣ ውሃ አምጪልኝ።

— ልጄም ታውቃለች። አንተ ነህ የነገርካት። ሦስት ወር ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እራቷን በልታለች። ባለሱቁ ሙሀሲንም ያውቃል፣ አይደል?… ለካ ለዚህ ነው ባየኝ ቁጥር አይዞሽ የሚለኝ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር።

— አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቴክስቱን ማነው ሲጽፍልኝ የከረመው?… ሳሌም፣ ልጁ። ብቻዋን?… መስፍን፣ ብቻዋን?… አንተ ትነግራታለህ፣ እሷ ከአባቷ ስልክ ትልከዋለች። ዝናቡንም?… ዝናቡንም ከኬንት ሆነህ። አሥር ዘነበ፣ ሃያ ዘነበ፣ አሥራ አምስት ዘነበ!

— ዘካሪያስ በሕይወቱ እንዲህ ጽፎልኝ አያውቅም። አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ነበር የሚለው። በበጋ እንኳን ዜሮ ነጥብ ዜሮ ይላል። አንድ ቀን ፍየል መለኪያዋን ደፍታበት «ዛሬን አላውቅም» ብሎ ላከላት፤ ጨርቁ ላይ አለ፣ አንድ ቀን ባዶ። ሳይለካ ቁጥር የማይጠራ ሰው ነው! እኔ ደግሞ ቁጥሩ ድፍን ድፍን ሲሆንብኝ «ደክሞታል ወንድሜ» ብዬ፣ በርታ እያልኩ ቀይ ልብ እልክለታለሁ። ላንተ ነው ለካ ልብ ስልክ የከረምኩት።

— አውቃለሁ፣ መርዶ ይደበቃል፣ ወግ ነው። የአጎቴን፣ የአባትህን መርዶ እኔም ሁለት ሳምንት ደብቄብሃለሁ፣ አልክድም። ስትደውልልኝ እየሸሸሁ፣ እያለቀስኩ። ግን በአባትህ ስም ጽፌልህ አውቃለሁ? «ልጄ ደህና ነኝ» ብዬህ አውቃለሁ?… መልስልኝ።… አዎ። አላውቅም።

— አሁን?… መኪና ውስጥ ናችሁ?… ኑ። ለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ፓርክ ስታደርጉ የጎረቤቴን መውጫ እንዳትዘጉ፣ ሴትዮዋ ነገረኛ ናት። አንተም ና፤ ግን አጠገቤ አትቀመጥ፣ ትከሻዬንም አትያዘኝ።… ዛሬ አልችልም መስፍን። ይቅርታውን ሌላ ቀን።

— ቆይ፣ ሌላ ስልክ እየገባ ነው።… ዘካሪያስ ይላል።… ፎቶው ወጥቷል፣ ኮፍያውን አድርጎ።… አልደነገጥኩም፣ ሳሌም ናት፤ ቫይዴሂ ነግራት ይሆናል። ወይስ አንተ ነህ ደውዪ ያልካት?… እውነትህን ነው? ምን እንደምትለኝ አላስጠናሃትም?… ጥሩ። እዚያ ነግቷል። መለኪያዋን አይታ ያለውን ትነግረኛለች፣ ባዶም ከሆነ ባዶ።

— አይ፣ አትጠብቀኝ። ዝጋው። ይሄ ስም ሲደውልልኝ ሳላነሳ ቀርቼ አላውቅም።