ሪፈር የያዘው ሰው

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንድ አዛውንት ከታመሙ ባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ያለችው ወጣት ለሥራ የመጣች መምህርት ናት።

«ከሆስፒታል ነው አባባ?»

«አዎ ልጄ። ባለቤቴን አሳይቼ ወደ ቤት እየመለስኳት ነው።»

«ምን አሏቸው?»

«ቀስ በይ፣ እንዳትሰማ። ሪፈር ነው አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ይመለሳሉ?»

«ሪፈር የያዘው ሰው መቼ ሲድን አየሽ? ወንድሜን የገደለው እሱ ነው። ጎረቤታችንንም ምጥ ላይ ሳለች ሪፈር ነሽ አሏት፤ መንገድ ላይ ቀረች። ይቺ እንኳ በቤቷ ትሁን ብዬ ነው።»

«አባባ፣ ሪፈር እኮ በሽታ አይደለም! ለሕመማቸው የሚሆን ስፔሻሊስት እዚህ ስለሌለ፣ ደሴ ውሰዷቸው ማለታቸው ነው።»

«በሽታ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ሐኪም የለንም አይሉም? ስም የሚያወጡለት ለምንድን ነው?»

«እንግዲህ አነጋገራቸው ነው።»

«እሺ፣ ደሴስ ሐኪሙ አለ?»

«ይኖራል። ባይኖርም ወደ አዲስ አበባ ይልኳችኋል።»

«ምን ብለው?»





«ሪፈር ብለው።»

«እና በሽታ አይደለም ትይኛለሽ?»

«ወራጅ አለ» ማለት ሲገባኝ፣ መልሷን ልስማ ብዬ መውረጃዬን እያየሁ አለፍኩት።